ሰላምታ ያለበት ዳር

ዛሬ ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት ያረጀ ጥጥ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና የባለቤቴ የዘይነብ ነጠላ እጄ ላይ ወደቀ፤ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ መነጽሬን የምፈልገው እኔ ሽማግሌው፣ የጥለቱን ክሮች ግን ያለ መነጽር አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው።

ያኔ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር፣ ከአሠሪዬ ከጋሽ እንድሪስ ግቢ እሸምን ነበር፤ ሪክሻ የሚሉት ባጃጅ በየመንደሩ እንደ ጉንዳን መርመስመስ የጀመረበት ዘመን ነው። ዘይነብ እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንዲት ሲት፣ ከአንዲት እመቤት ቤት ትሠራለች፣ ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ትወጣለች። ሽማግሌ ብልክባት፣ ማዮ ሰፈር የሚኖረው ወንድሟ "የእጁን ሥራ ሳላይ እህቴን አልሰጥም" አለ። ስለዚህ የምሠራላት ነጠላ ነጠላ ብቻ አልነበረም፤ ትዳሬ ነበር።

የጥለት ድር ማድራት ሕግ አለው። በግራው በኩል ከዳር ጀምረህ ስድስት ሰማያዊ፣ አራት ወርቃማ፣ ሁለት ቀይ ካልክ፣ ከነጩ መሐል ተሻግረህ በቀኙ በኩል በገባህበት ትወጣለህ፦ ሁለት ቀይ፣ አራት ወርቃማ፣ ስድስት ሰማያዊ። ድር የሚያደራ ሰው ቀለሙን ጮክ ብሎ ይቆጥራል እንጂ ሰላምታ አይመልስም፤ እጁን ብቻ ያነሣል፣ እንግዳውም ገብቶት ክሩ እስኪቋጠር ይጠብቃል።

ግራውን እንደ ፉከራ እየጮህኩ ጨረስኩት። ቀኙ ላይ "ሁለት ቀይ!" እንዳልኩ ሪክሻ በሩ ላይ ቆመና ልቤ ከሞተሩ በላይ ተንደቀደቀ።

"አሰላሙ አለይኩም!" ዘይነብ ነች።

እጅ ላነሣ? የት አባቴ! "ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ!" ብዬ አንዲት ቃል ሳላስቀር መለስኩ፤ አልበቃ ብሎኝ ጤናዋን፣ የሲቷን ጤና፣ የሲቷን ድመት ጤና ጠየቅኩ።

"አንተ ወፈፌ፣ ድሩን ያዝ!" አሉ ጋሽ እንድሪስ ከጥላው ሥር።

"ታማም ጋሼ፣ ይዤዋለሁ!" የያዝኩት ግን ዓይኗን ነበር። እሷ "ያላ፣ እንዳልዘገይ" ብላ ስትሄድ ወደ ድሩ ተመለስኩና ስድስቱን ሰማያዊ አስቀድሜ ወርቃማውን ዳር አወጣሁት። ሳምንቱን ሙሉ እየዘፈንኩ ሸመንኩት።

በሚቀጥለው ጁምዓ ዘይነብ ነጠላውን ዳር ለዳር ገጥማ አጠፈችው። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ወርቃማ! ወንድሟ ደግሞ መንገድ ላይ ነው።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"ሰላምታሽን ስመልስ የሆነ ነው" አልኳት፣ ላቤ እግሬን የከተትኩበትን የሽመና ጉድጓድ ሊሞላው ደርሶ።

ሳቋን በመዳፏ አፈነች። "ዝም በል አንተ።" ወርቃማውን ዳር ወደ ውስጥ መልሳ አጠፈችና ወንድሟ ሲገባ ሰማያዊውን ዘረጋችለት።

"ማሻአላህ! እጁ ልክ ነው" አለ። ጋሽ እንድሪስን ድንገተኛ ሳል ያዛቸው።

ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት፣ ነጠላው በታጠበ ቁጥር ሁለት ጫፍ እኔ፣ ሁለት ጫፍ እሷ ይዘን ስናጥፍ፣ "ሰላምታህ ያለበትን ዳር ወደ ውስጥ!" ትለኝ ነበር። ካርቱምን ለቀን ወጣን፤ ከወጣን በኋላ እሷም ብዙ አልቆየችልኝ።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን አጠፍኩት፤ አንዱን ጫፍ በአገጬ ይዤ፣ ክንዴን እንደ እርጥብ አሞራ ዘርግቼ፣ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቱንም ጊዜ ወርቃማው ዳር ውጭ ቀረ።