ከበሺር ኋላ የምትቆመው ጣይባ

ጣይባ ከኮምቦልቻ ግርጌ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር የምትኖር ባሏ የሞተባት ገበሬ ነበረች። የምትተክለው በርበሬ ነው። በርበሬዋ ደሴ ሰኞ ገበያ ሲደርስ ገና ከአህያው ሳይራገፍ ገዢውን ያስነጥሰዋል ይባል ነበር፤ ይህን ስታወራ የተሰማችው ግን እሷው ራሷ ብቻ ናት።

ድንበር የምትጋራት ሥርጉት ሽንኩርት ታለማ ነበር። እሷም ባሏ ሞቶባታል። አንዷ እስላም አንዷ ክርስቲያን ይሁኑ እንጂ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንጨት ሲለቅሙም፣ ውሃ ሲቀዱም፣ ሰው ሲያሙም አይለያዩም። ክፉኛ የሚጣሉት በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም በበሺር ምክንያት።

ከወንዙ የተጠለፈው ቦይ ከላይ እስከ ታች ያለውን ማሳ ሁሉ ያጠጣል። ውሃውን በተራ የሚያከፋፍለው ሰው «የውሃ አባት» ይባላል። ኅዳር ላይ ቦዩ ከተጠረገ በኋላ ባለማሳው ከትልቁ ሾላ ሥር ይሰበሰብና እያንዳንዱ ከሚፈልገው ሰው ኋላ ሄዶ ይቆማል። ብዙ ሰው ያቆመ የውሃ አባት ይሆናል። መሬት ያላት ሴትም እንደ ወንዱ ትቆማለች። ያን ጊዜ ጣሊያን ደሴን ከያዘ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። የጭነት ካሚዮኖቹ የሐረጎን ዳገት እያቃሰቱ ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ እንጂ ስለ ቦዩ የጠየቀ ሹም ስላልነበረ ልማዱ እንዳለ ቀጥሎ ነበር።

ጣይባ ሁልጊዜ የምትቆመው ከበሺር ኋላ ነው። የበሺር ማሳ ቦዩ ራስ ላይ፣ የጣይባ ደግሞ ጭራው ላይ ነው። በሺር ከተመረጠ ወዲህ የእሱ አገዳ ሰው እስኪውጥ ሲረዝም የእሷ መሬት እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል።

«አንቺ፣ ውሃሽን የሚጠጣብሽ እሱ አይደለም ወይ?» ትላታለች ሥርጉት።

«አላጣሁትም።»

«ታዲያ ምን ይሁን ብለሽ ነው ከኋላው የምትገተሪው?»

«ባሌ የሞተ ዕለት በሺር እንዴት እንዳለቀሰ ረሳሽው? ወላሂ፣ ሁለት ጎረምሳ ነው ደግፎ ያቆመው። ኑርሁሴን ምን አለ? "አላህ ይማረው" ብሎ ዝም! እንባ የለ፣ ምን የለ።»

«መቃብሩን ማን ቆፈረው?»

«ኑርሁሴን ነዋ። መቆፈርማ ማንም ይቆፍራል።»

ኑርሁሴን በየዓመቱ ከበሺር ጋር የሚቀርበውና በየዓመቱ የሚሸነፈው ሰው ነው። ቀጥ ያለ ሰው ነው፤ የጎረቤቱን ጠብታ አይነካም። አንደበት ግን አልፈጠረበትም። ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ዕዳ የሚከፍል ይመስላል።

ያን ዓመት በልጉ ቀረ። የጣይባ በርበሬ አበባውን ያረግፍ ጀመር። ሥርጉት ክንዷን ይዛ፣ «ዛሬ በይ ሂጂና ንገሪው! ፊት ለፊት ንገሪው!» ብላ ገፋቻት። ጣይባም ነጠላዋን አጣፍታ፣ የምትናገረውን በመንገድ እየደጋገመች ወደ በሺር ቤት ወጣች።

በሺር ገና ከሩቅ ሲያያት ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«እታለም ጣይባ! ምነው ከሱ? ምነው እንዲህ ጠቆሩ? እኔ እያለሁ!»

«በርበሬዬ...» አለች።

«ዝም ይበሉ! አይንገሩኝ፣ ልቤ አይችለውም። ሌሊት እንቅልፍ የማጣው እኮ በእርስዎ በርበሬ ነው። አብሽሩ እታለም፣ አብሽሩ!»

ሚስቱ መርየም ወተት እየገፋች ትሰማ ነበር። አሬራ ቀድታ ለጣይባ እያቀበለች፣ «ሌሊትማ ሲያንኮራፋ ነው የሚያድረው» አለች። በሺር ሳቀ፤ ጣይባም ሳቀች፤ መርየም አልሳቀችም።

ጣይባ ፊቷ በርቶ ተመለሰች።

«ውሃ ሰጠሽ?» አለች ሥርጉት።

«አዘነልኝ።»

«ውሃውስ?»

«ሥርጉት፣ ሰው እንዲህ ሲያዝንልሽ ውሃ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም?»

ሥርጉት አንድ ነገር ካላደረገች እንደምትፈነዳ ገባት። ኑርሁሴንን ማሳው ድረስ ሄዳ ያዘችው። «አንተ ሰው፣ ጣይባ ቤት ሂድና ደግ ነገር ተናገር። ጤናዋን ጠይቅ፣ ሞያዋን አመስግን። ምላስህ አይቆረጥም!» አለችው። ኑርሁሴን ላቡ ጠብ እስኪል አሰበና እሺ አለ። በማግስቱ አዲስ ጥምጣም አስሮ ከጣይባ ደጅ ቆመ። ሥርጉት ከአጥሩ ጀርባ ጆሮዋን ጣለች።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አለ።

«ወዓለይኩም ሰላም። ግባ እንጂ።»

«አይ፣ ልሄድ ነው። ጤናዎ... ደህና ይመስላል።»

«አልሐምዱሊላህ።»

«አምና የሚሞቱ መስሎኝ ነበር።»

ጣይባ አፏን ያዘች። ኑርሁሴን ነገሩ እንደተበላሸ ገብቶት ሊያቃናው ተጣደፈ። «በርበሬዎም ጥሩ ነው» አለ፤ ዞር ብሎ የጠወለገውን ማሳ ሲያይ ደግሞ ውሸት መናገር አልሆንለት አለ። «ማለቴ፣ ነበር» ብሎ እየሮጠ ሄደ። ሥርጉት ከአጥሩ ጀርባ ነጠላዋን ነክሳ ቀረች። ከዚያ ወዲያ ጣይባ ስሙ ሲነሳ፣ «ያ ሞቴን የሚጠብቀው ሰውዬ?» ትል ጀመር።

ኅዳር መጣ። የመምረጫው ቀን ሲቃረብ ጣይባ ራሷ አንድ ሐሳብ አመጣች።

«እኔ ከበሺር ኋላ እቆማለሁ፣ አንቺ ከኑርሁሴን። እኔ ያንቺን ቁጥር አጠፋለሁ፣ አንቺ የኔን። ለምን በፀሐይ እንቃጠላለን? ሁለታችንም እንቅር።»

ሥርጉት ብታስበው እውነት ነው። የእህቷ ልጅ ደሴ ወልዳ ነበርና በዚያ ቀን አብረው አራሷን ሊጠይቁ ተስማሙ። አንዷ በማርያም፣ አንዷ በጀሊሉ ማሉ።

በማለዳ ቅቤና የገንፎ ዱቄት ይዘው ተነሱ። የሐረጎ ዳገት ሲጀምር ጣይባ ጉልበቷን ይዛ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለች።

«እምቢ አለኝ። እኔ ቀስ እያልሁ ልመለስ፤ አንቺ ሂጂ፣ አራሷን ሳሚልኝ።»

«ብቻሽን?»

«ሂጂ አልሁሽ! ለኔ ብለሽ አራስ አታስቀይሚ።»

ሥርጉት አዝና ሄደች። ዳገቱን ስትታጠፍ ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት። ጣይባ ጉልበቷን ይዛ ቤቷ ትገባለች፤ ታዲያ እሷ ብትመለስ ማን ያውቃል? ስለ መሐላው ማርያምን በሆዷ ይቅርታ ጠይቃ፣ ቅቤውን ለአንድ ደሴ ወጪ ዘመድ አደራ ሰጥታ፣ በአቋራጩ ቁልቁል ወረደች። እሾህ ነጠላዋን ቦጨቀው። እያለከለከች ከሾላው ሥር ስትደርስ ሰዉ መሰለፍ ጀምሯል። ከበሺር ኋላ፣ ከሁሉ ፊት፣ እንደ ችካል ቀጥ ብላ የቆመች ጣይባ ናት።

ተያዩ።

«ጉልበትሽስ?» አለች ሥርጉት።

«ተሻለው። አራሷስ?»

«ደህና ናት።»

«ደሴ ደርሰሽ መጣሽ?»

«ካሚዮን አሳፈረኝ።»

«በእሾህ ውስጥ ነው እንዴ የሚሄደው ካሚዮኑ?»

ሥርጉት ሄዳ ከኑርሁሴን ኋላ ቆመች።

ሽማግሌዎቹ ሰዉን ሲቆጥሩ ሁለቱ ወገን እኩል ሆነ። ቢደግሙትም ያው ነው። በሺር እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ለሕዝቡ ሲል የሚቀበለውን መከራ መናገር ጀመረ። ይህን ጊዜ ነው መርየም መቀነቷን እያጠበቀች የመጣችው። አባቷ ያወረሳት ቁራጭ መሬት ከጣይባ ጎን፣ እዚያው የቦዩ ጭራ ላይ ነው፤ ውሃ ካየ ቆይቷል። እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ባለመሬት ቆማ አታውቅም። ባሏን ሰላም እንኳ ሳትለው በፊቱ አልፋ ከኑርሁሴን ኋላ ቆመች።

«መርየም!» አለ በሺር፣ «እኔ እዚህ ነኝ እኮ!»

«አየሁህ» አለችው።

ከሁሉ የተቆጣችው ጣይባ ናት። «የገዛ ባሏን! በሕዝብ ፊት!» እያለች እስከ ቤቷ ድረስ ስትራገም ሄደች።

ኑርሁሴን የውሃ አባት ሆነ። ንግግር አድርግ ሲሉት «ተራችሁን ጠብቁ» ብሎ ጨረሰ። ከዚያም ውሃውን ያለ አድልዎ ከራስ እስከ ጭራ አዳረሰው። የጣይባ ማሳ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ፤ በርበሬው ቅርንጫፉን እስኪሰብር አፈራ። ሥርጉት ይህን ቀን በጉጉት ስትጠብቅ ነበር። ለቀማ ላይ እንዳሉ ቀና ብላ፣ «እህ፣ አሁንስ ምን ትያለሽ?» አለቻት።

ጣይባ ማሳዋን በፍቅር ቃኘች።

«ምን እላለሁ? እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል?»

«አየሽ!»

«ሥልጣኑን ትቶ፣ ውሃውን ለኔ ለቆ፣ አንድም ቀን ሳያማርር። በሺር እኮ በጀሊሉ ሰው አይደለም፣ መልአክ ነው። ስታገኚው አመስግኚልኝ።»

ሥርጉት የለቀመችውን በርበሬ እዚያው ዘርግፋ ሄደች። በማግስቱ ግን ሽንኩርቷን ልታጠጣ ወደ ላይ ስትወጣ በሺርን አገኘችው። ኑርሁሴን አዝዞት ቦዩ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ደለል ይዝቃል፤ ፊቱ ጭቃ በጭቃ ነው። ሥርጉት ከቦዩ ዳር ቆማ፣ «ጣይባ ስለ ውሃው አመሰግናለሁ ብላለች» አለችው።

በሺር አካፋውን አስደግፎ ቀና አለ፤ ፊቱ በራ።

«ምን ምስጋና ያሻዋል!» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ለእታለም ጣይባ ያላደረግሁ ለማን ላደርግ ነው?»