የሆሞሻው ማንጎ
እኔ እስካሁን ፈተናውን ልለፍ ልውደቅ አላውቅም። አየር መንገዱ አሶሳ ላይ ዘግቶት የነበረውን ጣቢያ መልሶ ሊከፍት ነው፣ የጭነት ሠራተኛም ይቀጥራል ሲባል፣ የወንድሜን ሱፍ ለብሼ ቢሮው በር ላይ ተራ እጠብቃለሁ። አንዲት እናት ከባጃጅ ወርደው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና ግማሽ ማዳበሪያ ማንጎ እግሬ ሥር አስቀመጡ።

«ከሆሞሻ ነው የመጣሁት። አውሮፕላን ተመለሰ አሉኝ። አዲስ አበባ ላለው ልጄ አድርስልኝ።»

«እማማ፣ እኔ ተጓዥ አይደለሁም። በረራም ገና አልተጀመረም።»

«ወላሂ! ታዲያ ይሄ ሁሉ ሱፍ የለበሰ ሰው ወዴት ሊሄድ ነው?»

ማዳበሪያውን ልመልስላቸው ሳነሳ፣ «የልጄ ስም ማዳበሪያው ላይ ተጽፏል» ብለው ወደ ባጃጃቸው ተመለሱ። ወዲያው ተጠራሁ። የሰው አደራ እንዴት ሜዳ ላይ ይጣላል? ተሸክሜው ገባሁ።

ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል። መሀል ላይ ያለው፣ ለፈተናው ብሎ ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣው፣ የእኔው እኩያ ነው።

«የማታውቀው ሰው ዕቃ አድርስልኝ ቢልህ ምን ታደርጋለህ?»

«በፍጹም አልቀበልም!» አልኩ፣ ማዳበሪያውን እንዳቀፍኩ።

ሁለቱ ሳቁ። የመሀሉ ግን አልሳቀም። ተነስቶ መጣና ማዳበሪያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። ደግሞ አነበበው። ምን እንዳጠፋሁ ግራ ገባኝ።

«የት ሄደች?» አለኝ።

«ማን?»

«እናቴ! እዚህ መምጣቴን እኮ አልነገርኳትም።»