ስልቻ ይዘን የተሰለፍን ዕለት

መካነ ሰላም የገባሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ሥራ የጀመርኩትም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ። እስከ ወረኢሉ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በከላላ በኩል በኪራይ በቅሎ ስጓዝ ሰንብቼ መቀመጫዬ ተልጦ ነበር። ርዕሰ መምህሩ አቶ ጌትነት በመስኮት አዩኝና፣ "ወንበር አለልህ እኮ" አሉኝ። "መቆም ይሻለኛል" አልኳቸው። ቆሞ የሚያስተምር ትጉህ መምህር መጣልን ብለው በከተማው አወሩልኝ። እኔም አላስተባበልኩም።

በማግስቱ ቢሯቸው ጠርተው፣ "ምን ምን ታስተምራለህ?" አሉኝ። ከማሠልጠኛ የተመረቅኩት በሥዕልና በእጅ ሥራ መሆኑን ነገርኳቸው። ሳቁ። "ሥዕሉ ይደርሳል፤ ለጊዜው ሒሳብና ጂኦግራፊ ያዝ" አሉ። ለሥዕል የተሰጠኝ ዕቃ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ አንድ ካርቶን ጠመኔና ጫፉ የተሰበረ ማስመሪያ ነበር። ወረቀት የለም። ከሱቅ መጠቅለያ ወረቀት እየለመንኩ፣ ከሻይ ቤት ከሰል እየለቀምኩ ጀመርኩ። የከተማው ነጋዴዎች "ከሰል ለቃሚው መምህር" ይሉኝ ነበር። ይበሉ፤ ልጆቹ ግን መሣል ለመዱ።

በሁለተኛው ዓመቴ ማሠልጠኛ ያስተማረኝ ፈረንጅ ወደ አገሩ ተመልሶ ከአንድ ትምህርት ቤት ጋር አወዳጀን። ከባሕር ማዶ እሽግ መጣ። ወፍራም ነጭ ወረቀት፣ ባለቀለም እርሳስና የዚያ አገር ልጆች የሣሏቸው ሥዕሎች ነበሩበት። በረዶ የለበሰ ጣሪያ፣ ዳቦ ቤት፣ ደግሞ የሽማግሌዎች መጦሪያ ግድግዳ ሲቀቡ ራሳቸውን የሣሉበት አለ። ደብዳቤው ሁለት ነገር ይጠይቃል። ያካባቢያችሁን ኑሮ ሥላችሁ ላኩልን፤ ለአካባቢያችሁም አንድ በጎ ሥራ ሥሩና እሱንም ሣሉት ይላል።

አቶ ጌትነት ደብዳቤውን ሳነብላቸው ደስ አላቸው። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። "ደህና ደህናውን ነው የምትልከው" አሉኝ። "ያገር ገመና ለፈረንጅ አይላክም።"

ለምን እንዳሉ አውቃለሁ። ዝናብ ከቀረ ቆይቷል። ከዓባይ ቆላ የሚወጣው ሰው በየቀኑ እየበዛ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ጥግ ተኮልኩሎ ይታይ ነበር። ረሃብ የሚለው ቃል ግን ቢሮ ውስጥ አይነገርም። "የዝናብ ማነስ" ነው የሚባለው። እኛም እንደዚያው አልን፤ የደመወዝተኛ አፍ መቼም የራሱ አይደለም።

ስድስተኛ ክፍልን ቤታችሁን ሣሉ አልኳቸው። ዘሐራ የምትባል ልጅ ነበረች፤ እንደ እሷ እጅ ያለው ተማሪ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሁለት ቢያጋጥመኝ ነው። ጎጆውን ከነማገሩ፣ በሩን፣ የደጁን ድንጋይ ቁልጭ አድርጋ ሣለችው። በሌሎቹ ልጆች ሥዕል ሁሉ ከጣሪያው ጭስ ይወጣል፤ ቤት ሰው እንዳለበት የሚታወቀው በጭሱ ነው ብዬ ያስተማርኩ እኔው ነኝ። የእሷ ጭስ የለውም።

"አልጨረስሽውም" አልኳት።

"ጨርሻለሁ ጋሼ።"

"ጭሱስ?"

"የኛ ቤት አይጨስም።"

"በሥዕል ይጨሳላ!" አልኩና እርሳሱን አስጨበጥኳት። ሣለች። ድንቄም መምህር! ልጅቷ በግልጽ ቋንቋ ነግራኝ እኔ ስለ ሥዕል አሣሣል የምታወራ መስሎኝ ነበር።

ነገሩን ያስረዱኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አያ ይመር ናቸው። ሥዕሎቹን ግድግዳ ላይ ስለጥፍ ቆመው እያዩ፣ የዘሐራ ዘንድ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄ የከድጃ ቤት ነው። ባሏ ሥራ ፍለጋ ሑመራ እንደወረደ ቀረ። ምድጃው ከጠፋ ሰንብቷል፤ አያትየው አሉ፣ ዘሐራ አለች፣ አንዲት ሕፃን አለች። የሚቀምሱት የላቸውም" አሉኝ።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ወዲያው ደግሞ ደብዳቤው ትዝ አለኝ። በጎ ሥራ አይደል የሚሉት? ይኸው በጎ ሥራ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ እኔ አፍስሼም አልለቀምኩ።

እያንዳንዱ ተማሪ አንድ እፍኝ እህል እንዲያመጣ አዘዝኩ። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ያገኙትን አመጡ። የሌለው እንዲቀር ብዬ ነበር፤ ግን የሌለውም ከየት እንደሆነ አላውቅም አመጣ። አንድ ስልቻ ሞላ። ለማን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። ሲደርስላት ዘሐራን ደስ ይበላት ብዬ ነው የደበቅኩት። በጎ ሥራውን የምትሥለውም እሷ እንድትሆን መረጥኳት፤ ከሁሉም ትበልጣለቻ። ወረቀት የተለጠፈበት ካርቶን አስይዤ ከፊት አቆምኳት።

የገበያ ቀን ነበር። ተማሪዎቹን በሁለት ረድፍ አሰልፌ፣ ስልቻውን ሁለት ጉልበተኞች አሸክሜ፣ የትምህርት ቤቱን መዝሙር እያዘመርኩ በገበያው መሃል አለፍን። ሰዉ መንገድ ለቀቀልን። ደረቴን ነፍቼ ነበር፤ አሁን ሳስበው ምድር ብትውጠኝ ደስ ይለኛል። ወደ ሰፈሯ ስንታጠፍ ዘሐራ ቆመች።

"ጋሼ፣ ወዴት ነው?"

"ዝም ብለሽ ነይ፤ ታያለሽ።"

ጥቂት ተራመደች። ከዚያ ካርቶኑን መሬት ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችና በመጣንበት መንገድ ሮጠች። ያኔም አልገባኝም፤ አፍራ ነው ብዬ ሰልፉን ቀጠልኩ።

እናትየዋ እትዬ ከድጃ መዝሙሩን ሰምተው ደጃፍ ወጡ። ጎረቤቱም ሁሉ ወጣ። "ምን ሆናችሁ ነው? ማን ሞቶ ነው?" አሉ።

"ማንም አልሞተም፤ ተማሪዎቹ እህል አዋጥተውልዎት ነው" አልኩ፤ ጎረቤት ሁሉ በሚሰማው ድምፅ።

እትዬ ከድጃ ስልቻውን አዩ፤ ጎረቤቶቹን አዩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ቤት ተሳስታችሁ ይሆናል መምህር" አሉ። "የኛ ቤት አልሐምዱሊላህ ምንም አልጎደለው። የተቸገረ ካለ ለሱ ስጡ።" ገቡና በሩን ዘጉ።

ስልቻውን ይዘን ተመለስን፤ መዝሙር የለም። ዕቃ ቤት አስገብቼ ቆለፍኩበት።

በማግስቱ ዘሐራ አልመጣችም። በሠልስቱም አልመጣችም። ይሄኔ ምን ማድረግ እንደነበረብኝ እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ ግን አኮረፍኩ። ሰጥተን እምቢ ካሉ ምን ልሁን አልኩ፤ ልጆቹ ፊት አዋረዱኝ አልኩ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ኩራቴ ግን የፊታውራሪ ነበር። አቶ ጌትነት "የበጎ ሥራው ሥዕል ተሣለ?" እያሉ ሲጠይቁኝ "ገና ነው" እያልኩ አምስት ቀን አለፈ።

በአምስተኛው ቀን አያ ይመር ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ያዙኝ። "አንተ መምህር፣ ይሄን ስልቻ ለአይጥ ነው ያስቀመጥከው?"

"አልቀበልም ብለዋላ፤ ምን ላድርግ አያ ይመር?"

"እህል ሰው ቤት በሰልፍ ይገባል? ሰርግ ነው? እዚያ ቤት ያሉት የዘሐራ አያት ሸህ ሙሔ ዱዓቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። ሄደህ ዱዓ አርጉልኝ ትላለህ። ዱዓ የሚያስደርግ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። ያኔ እህሉ የዱዓ ነው፤ ተቀባይም አያፍርበትም።"

"እኔ ክርስቲያን ነኝ እኮ።"

"ታዲያ አላህ ክርስቲያን አይሰማም ያለህ ማን ነው?" አሉና ቁልፉን ተቀበሉኝ።

በስድስተኛው ቀን ማለዳ፣ ሰፈሩ ሳይነቃ፣ ሁለታችን ብቻ ሄድን። ስልቻውን አያ ይመር በጋቢያቸው ሸፍነው ተሸከሙት። ሸህ ሙሔ ቁርበት ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው አያይም። ጉዳዬን ጠየቁኝ። እናቴን ጉልበቷን ያማታል ልል ተዘጋጅቼ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"አንዲት ተማሪ ጠፍታብኛለች። ያጠፋኋትም እኔ ነኝ። አፉ በሉኝ፤ እንድትመለስልኝም ዱዓ ያርጉልኝ" አልኩ።

ሸህ ሙሔ "አብሽር" አሉኝና እጃቸውን ዘረጉ። እኛም ዘረጋን። ሲመርቁ አሚን አልን። ሲጨርሱ እትዬ ከድጃ ስልቻውን ከበሩ ሥር ራሳቸው አነሱት። "የዱዓ ነው" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። ወዲያው እሳት አያያዙና ለሕፃኗ አጥሚት ጣዱ። ሕፃኗ ጥግ ላይ በነጠላ ተጠቅልላ ተኝታለች። ሉባባ ትባላለች። አላለቀሰችም፤ ለማልቀስም አቅም አልነበራትም።

አጥሚቱን ሆዷ አልያዘላትም። በሦስተኛው ቀን ሞተች። የሰፈሩ ቅሬ፣ ዕድሩ ማለት ነው፣ ቀበራት፤ እኔም ከቅሬው ሰዎች ጋር ቆሜ አፈር አለበስኩ። ሌሎቹ ተረፉ። አያ ይመር በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም እኔ፣ እህል ይዘን ዱዓ ለማስደረግ እየሄድን ክፉውን ጊዜ አለፉት። ዘሐራ ከለቅሶው በኋላ ትምህርቷን ቀጠለች። ስጠራት አቤት ትላለች፤ ዓይኔን ግን አታይም ነበር።

ለፈረንጆቹ የገበያውን፣ የበቅሎውንና የመስጊዱን ሥዕል ላክን። የዘሐራን ሣጥኔ ውስጥ አስቀረሁት። ስለ በጎ ሥራው "ሞክረን አበላሸነው" ብዬ ጻፍኩ። አቶ ጌትነት መስመሯን ሰርዘው "ዛፍ ተክለናል" አሉበት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ውሸት እንዳይሆን በማግስቱ አምስት ባሕር ዛፍ አስተከሉን።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ንጉሡ ወረዱ፤ ቢሮ ውስጥ የማይነገረው ቃል በአንድ ጊዜ በድምፅ ማጉያ የሚነገር ሆነ። ከበላይ የመጣ አንድ ሰው የአሮጌውን ሥርዓት ግፍ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን አዘጋጁ አለን። አቶ ጌትነት ወዲያው ጠሩኝ። "ያችን የጎጆ ሥዕል አምጣት። ጭሱን በላጲስ አጥፋው፤ ከሥሩ ስለ ሟቿ ሕፃን እንጽፍበታለን።"

"ባለቤቶቹን ልጠይቅ" አልኳቸው። ይህን ያህል እንኳ ተምሬ ነበር።

እትዬ ከድጃ ደጃፋቸው ላይ ባቄላ እየፈለፈሉ አገኘኋቸው። ነገርኳቸው። እጃቸውን አላቆሙም።

"ሉባባንም ይጽፏታል?"

"ይጽፏታል መሰለኝ።"

"እንግዲያው እውነቱን ይጻፉ። እህል ደጇ ድረስ መጥቶላት እናቷ በር ዘጋች ብለው ይጻፉ። ያን ቀን ስልቻውን ብቀበል ልጄ ትኖር ነበር።"

ይህን ሁሉ ጊዜ የሚረግሙት እኔን ይመስለኝ ነበር። "እንዲያ አይበሉ እትዬ ከድጃ። በሩን ያስዘጋሁዎት እኔ ነኝ። ሰው ሰብስቤ መጣሁብዎት። ከዚያም አኩርፌ አምስት ቀን ስልቻውን ዕቃ ቤት ቆልፌበት ከረምኩ" አልኳቸው።

ያን ጊዜ እጃቸው ቆመ።

"ዕቃ ቤት ነበር?"

"አዎ።"

"በሠልስቱ ልጅቷ ስትደክምብኝ ዘሐራን ልልካት ተነስቼ ነበር" አሉ። "ለሌላ ሰው ስጡ ብያችኋለሁና፣ ሰጥተውታል ብዬ ተውኩት።"

አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እሳቸውም አለቀሱ። ሥዕሉን ለዘሐራ መለስኩላት፤ አቶ ጌትነትን ጠፋብኝ አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። ከውጭ ትምህርት ቤቶች ጋር ብዙ ተጻጽፈናል፤ ሥዕልና በጎ ሥራ የማይጠይቅ አልነበረም። ለወጣት መምህራን የምላችሁ ይህን ነው። የተቸገረ ሰው ቤት ብቻችሁን ሂዱ። እምቢ ካሏችሁ በማግስቱ ተመልሳችሁ ሂዱ።