ከአሥር ስንት ይሰጡታል?

ልጄ ፊልም ከማየቷ በፊት ስልኳን ትጠይቃለች። ስልኳ «ስድስት ነጥብ አራት» ይላታል፤ እሷም ትተወዋለች። ማን ነው ስድስት ነጥብ አራት የሰጠው ስላት «ሰው ሁሉ» ትለኛለች። እኔ ሰው ሁሉ የሚባል ሰው አላውቅም። የማውቃት ማርክ ሰጪ አንዲት ናት፤ አጠገቤ ባለው ወንበር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጣ ሠርታለች። ይህን ስጀምር ልጄ «እማዬ፣ ደግሞ መጣሽ» ትለኛለች። አዎ፣ መጣሁ።

የምንሠራው በአንድ ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሏ ከደረጃው ሥር ናት፤ መስኮቷ የሚያሳየው የአላፊ አግዳሚውን እግር ብቻ ነው። ፊት ለፊታችን ስልሳ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሰሌዳ ቆሟል፤ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ በላይ ትንሽ መብራት አለች። አንዱ ክፍል ስልኩን ሲያነሳ የእሱ መብራት ትበራለች፤ ሽቦውን ሰክተን «ማዞሪያ፣ ማንን ላገናኝዎ?» እንላለን። የውጭ መስመር የነበረን አራት ብቻ ስለሆነ ወደ ውጭ መደወል የፈለገ ሰው ሩብ ሰዓትም ግማሽ ሰዓትም ይጠብቃል። እየጠበቀ ከእኛ ጋር ያወራል። ግድግዳው ላይ «የሠራተኞችን ንግግር ማዳመጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። እኛ አናዳምጥም፣ ይሰማናል እንጂ፤ ጆሮ ክዳን የለውም። ዛሬ ያቺ ክፍል የተሰባበረ ወንበር ማከማቻ ሆናለች አሉኝ። የሞቀ አቧራዋ ሽታ ሳይቀር ይናፍቀኛል።

እኔ «እትዬ» እላታለሁ፤ ፋብሪካው በሙሉ ግን የሚጠራት «ዳኛዋ» ብሎ ነው። በከተማው ሲኒማ ቤት ፊልም የሚቀየረው ዓርብ ዓርብ ነው። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሰሌዳችን ላይ መብራቱ ይንቦገቦጋል። «ዳኛዋ፣ የዚህ ሳምንቱስ ከአሥር ስንት ይሰጡታል?»

«ስድስት ተኩል» ትላለች። «መጀመሪያው ለክፉ አይሰጥም። ከመሃል በኋላ ግን የሠራው ሰውዬ ራሱ መንገዱ የጠፋበት ይመስለኛል።»

ያለችው ጠብ አይልም ነበር። እሷ ስምንት ያለችውን ሄዶ አይቶ የከሰረ፣ ሦስት ያለችውን በእልህ አይቶ ያልተጸጸተ ሰው አላውቅም።

እንግዲህ ይህች ሴት በሕይወቷ አንድም ፊልም አይታ አታውቅም ነበር።

እናቷ የአልጋ ቁራኛ ነበሩ። ቀን ቀን የምትጠብቃቸው ጎረቤት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወደ ልጆቿ ትሄዳለች፤ እሑድ ደግሞ እናትን ገላ ማጠብ፣ አንሶላ መቀየር አለ። ለሲኒማ ቤት የሚተርፍ ሰዓት አልነበራትም። አንድ ሰኞ የሽያጭ ክፍሉ ኃላፊ መስመር ሲጠብቅ «መቼም አይተውታል፣ ስንት ይሰጡታል?» አላት። በዚያ ጠዋት ስለዚያ ፊልም ከስምንት ሰው ሰምታለች። አላየሁትም ማለት አፈረችና «ሰባት» አለች። ሰውየው ሄዶ አየና በማግስቱ «ልክ ነዎት፣ ሰባት ነው» ብሎ ደወለ። በቃ፣ ዳኛ ሆነች። እናቷ ካረፉ በኋላ ጊዜው ነበራት፤ ነገር ግን የፋብሪካው የፊልም ዳኛ ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆማ «በየት ነው የሚገባው?» ብላ ልትጠይቅ ነው? ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእሷ ግን እያደር ከበዳት።

ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ፤ ለእትዬ የሚገባላት በጆሮ ነበር። የእያንዳንዱን ሰው ሚዛን ታውቃለች። የጥራት ተቆጣጣሪው ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ላይ የተሳሳተ ክር ሲያሳድድ የሚውል ሰው ስለሆነ ከአምስት በላይ ከእጁ አይወጣም፤ ሁለት ትጨምርለታለች። ዋናዋ ጸሐፊ በየሳምንቱ ከአክተሩ ፍቅር ስለሚይዛት አንድ ተኩል ይቀነስባታል። የጥበቃ ኃላፊው ድብድብ ካለ አሥር፣ ከሌለ ዜሮ ነው፤ እሱ ከነጭራሹ አይቆጠርም። የክሊኒኳ ነርስ ደግሞ ገና መብራት ሲጠፋ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ እስከ መጨረሻው ነቅታ ካየች ፊልሙ ጉልበት አለው ማለት ነው። የእኔንም ትቀንስ ነበር። «አንቺ የምትወጂው ፊልሙን ሳይሆን አብሮሽ የሄደውን ነው» አለችኝ አንድ ቀን። ቆሽቴ አረረ። ግን ልክ ነበረች።

ከደዋዮቹ ሁሉ አንዱን ለይቼ ልንገራችሁ። የውስጥ መስመሩ ቁጥር አርባ አንድ ስለነበረ እኛም «አርባ አንድ» እንለዋለን። ከወንዙ ማዶ ያለው የጥሬ ዕቃ መጋዘን ኃላፊ ነው፤ መጋዘኑ ሩቅ ስለሆነ ድምፁን እንጂ መልኩን አናውቅም። ሚስቱ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ፣ ለአራት ወር በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከሆስፒታሉ ጋር የምታገናኘው እትዬ ነበረች። የመጨረሻውን ቀን ያገናኘችውም እሷው ናት። ያን ዕለት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሽቦውን ሳትነቅል ብዙ ቆየች።

ሁለት ወር ያህል ድምፁ ጠፋ። ከዚያ አንድ ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ የአርባ አንድ መብራት በራ። «ከሥራ ወጥቼ ቤት መግባት አቃተኝ» አላት። «ፊልም ያውቃሉ ይሉኛል። ምን ልይ?» ነገረችው። ማክሰኞ ሄዶ አየ፤ ረቡዕ ደወለና ተከራከራት።

«ስምንት እንዴት ሰጡት? ያ ሰውዬ ባቡሩ ለምን አመለጠው? ሰዓት የለውም?»

«እንዲያመልጠው ፈልጎ ነው እንጂ።»

«ይህን የት አዩት?»

«ፊቱ ላይ ነዋ።»

ፊቱን አላየችም። ነገር ግን አሥራ ሁለት ሰው ስለዚያ ፊት ነግሯታል።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ስድስት ዓመት። ሰኞ ማርክ፣ ረቡዕ ክርክር፤ እርስዎ እንደተባባሉ፣ አንድም ቀን ሳይተያዩ። ረቡዕ ጠዋት ጸጉሯን አሳምራ ትመጣ ነበር፤ ለስልክ! እኔ እስቅባታለሁ፤ እሷ «ዝም በይ አንቺ ልጅ» ትለኛለች።

በስድስተኛው ዓመት አንድ ፊልም መጣ። ነርሷ አልተኛችም፣ የጥራት ተቆጣጣሪው ሰባት ሰጠ። እትዬ ዘጠኝ አለች። ሰኞ ለአርባ አንድ ስትነግረው «ይህንንስ ብቻዬን አላየውም» አለ። «ለእሑድ ስምንት ሰዓት ሁለት ቲኬት እቆርጣለሁ።»

«እኔማ አይቼዋለሁ» አለች፤ ሌላ ምን ትበል።

«ዘጠኝ የሰጡትን ፊልም ሁለቴ ቢያዩት ምን አለበት?»

ሽቦውን ነቅላ ወደ እኔ ስትዞር ፊቷ አመድ መስሏል። «እትዬ፣ እውነቱን ንገሪው» አልኳት።

«ምን ብዬ? ስድስት ዓመት ስቀጥፍብዎት ነበር ብዬ?» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰኞ ሲመጣ እኔን ብሎ ስልክ የሚያነሳ ሰው እሱ ብቻ ነው። ሌላው የሚፈልገው ማርኩን ነው። ይህን ካወቀ አይደውልም።»

እናቷን ስታስታምም ዕድሜዋ የሄደ ሴት ናት። ሳምንቱን ሙሉ አሠለጠንኳት። ባትሪ የያዘ ሰው ወንበር እንደሚያሳያት፣ ወንበሩ ወደ ላይ የሚታጠፍ ስለሆነ በእጇ ይዛ ካልተቀመጠች ወለሉ ላይ እንደምትገኝ፣ በተለይ ደግሞ ፊልሙን እንዳየ ሰው ምንም እንዳይደንቃት ነገርኳት። ታሪኩንማ ከማንም በላይ ታውቀው ነበር።

የሆነውን ሰኞ ጠዋት እሷው ነገረችኝ። ወንበሩን በደንብ አልፋዋለች። ፊልሙ ውስጥ ስልክ ሲጮህና የሚያነሳው ሲጠፋ እጇ ሽቦ ፍለጋ ተዘረጋ፤ እሱንም ቀሚሷን ያስተካከለች መስላ አለፈችው። በኋላ ግን ሞተ የተባለው ወንድም በሩን አንኳኩቶ ሲገባ፣ እንደሚመጣ ከሃያ ሰው የሰማች ሴት፣ «እንዴ፣ ሞቶ የለም እንዴ!» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ከኋላ ያሉት ሳቁ። አርባ አንድ ግን አልሳቀም፤ ዞሮ አያት። «መስማት ሌላ፣ ማየት ሌላ ሆነብኝ» አለችኝ፤ ይህን ስትነግረኝም ገና ሙቀቱ አልወጣላትም ነበር።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆመ። «ሁለተኛዬ ነው ብለውኝ ነበር።»

«የመጀመሪያዬ ነው።»

«የዚህ ፊልም?»

«የፊልም።»

ሁሉንም ዘርዝራ ነገረችው። ተቆጣጣሪውን፣ ጸሐፊዋን፣ ነርሷን፣ እየደመረች እየቀነሰች የኖረችውን። እሱ እስኪያልቅ ሰማና «ታዲያ እኔ ስድስት ዓመት የተከራከርኩት ከማን ጋር ነው?» አላት። አውቶቡስ ድረስ ሸኛት፤ «ደህና ይዋሉ» ብሎ ሄደ።

በዚያ ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ የአርባ አንድ መብራት አልበራም። ረቡዕም አልበራም። በቀጣዩ ሳምንትም እንዲሁ። እትዬ ለደወለ ሁሉ «ማርክ መስጠት ትቻለሁ» ማለት ጀመረች፤ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ በመጥፎ ፊልም እየተቃጠለ ተመልሶ እኛ ላይ ይጮሃል። እሷ ሽቦ ትሰካለች፣ ትነቅላለች። ከዚያች መብራት ላይ ግን ዓይኗ አይነሳም። ይህን እያየሁ መቀመጥ አልቻልኩም። እኔ ደግሞ ሲበዛብኝ የምችል ሰው አይደለሁም፤ ምሳ ስትወጣ ዓይኔን በጨው አጥቤ አርባ አንድን ደወልኩ።

እዚህ ላይ ለእናንተም ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፤ ለእሱም የነገርኩት እሱኑ ነው። «ጌታው፣ እሷ ለፋብሪካው ሁሉ አንድ ማርክ ነበራት። ለእርስዎ ብቻ ሌላ ነበራት» አልኩት። «ያን የክረምቱን ፊልም፣ ሰው ሁሉ ዓይኑ ቀልቶ የወጣበትን ያስታውሳሉ? ሦስት ነው፣ ጊዜዎን አያጥፉ ብላዎታለች። ለሌላው ሰው ዘጠኝ ተኩል ስትል ነው የዋለችው። እዚያ ፊልም ውስጥ ሚስት ሆስፒታል ተኝታ ትሞታለች። ከማን ጋር ነበር የተከራከርኩት ላሉት፣ ይህን ከምታደርግልዎት ሰው ጋር ነው።»

ስልኩን ዘጋው፤ መብራቷ ጠፋች። አበላሸሁት ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

በዚያው ቀን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። አርባ አንድ ነው፤ ከማዶ በዕቃ መኪና መጥቷል፤ ትከሻው ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። እትዬ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ሳታወልቅ ዞረች።

«ያ የክረምቱ ፊልም» አላት። «ሦስት የሰጡኝ።»

እኔን አየችኝ፤ እኔ መሬት አየሁ።

«እውነተኛው ስንት ነበር?»

«ዘጠኝ ተኩል።»

«ሌላም አለ?»

«ሰባት ፊልም» አለች። «የሆስፒታል አልጋ ያለበትን ሁሉ። መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነበር፤ ሰው ስለ ፊልሙ ሊያወራኝ ሲጀምር፣ የታመመ አለበት ወይ እለዋለሁ።»

ሰውየው ግድግዳውን ተደገፈ። ሰሌዳው ላይ አምስት መብራት በርቶ ይጠብቃል፤ እትዬ አንዱንም አልነካችም። በአሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስታደርግ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ለመርዳት ብዬ ሽቦዎቹን አነሳሁ፤ ዓይኔ ስለሞላ ሥራ አስኪያጁን ከወፍጮ ቤት ጋር አገናኘሁት፤ በኋላም ተቀጣሁበት።

«ሁልጊዜ እንዲህ መከለል አላስፈለገኝም ነበር» አለ አርባ አንድ ቀስ ብሎ። «መጀመሪያ ላይ አዎ። አሁን ግን ባየው ደስ ይለኛል። ተመልሶ ቢመጣ ስንት ይሰጡታል?»

«እሱን አላውቅም፤ አላየሁትማ» አለች። ማዳመጫውን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ከመጣ አብሬህ አየዋለሁ።»

አብሬህ አለችው። ስድስት ዓመት እርስዎ ሲል የኖረ አፍ እንዴት እንደወጣለት እሷም የገረማት ይመስለኛል፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እሱ በሩን ከፈተ፣ ሊወጣ ሲል ዞረ።

«የሚመጣበትን ቀን ስትሰሚ ደውዪልኝ» አላት።