ውታፉን የነቀለችው መርማሪ

እኔ ድሮም ሰው ቶሎ አላደንቅም። አቃቂ በሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ቴክኒክ ክፍል ተቀምጬ የማሽን ንድፍ ስስል በኖርኩባቸው ዓመታት፣ «ጎበዝ» የምትለዋን ቃል ከአፌ ለማውጣት ጉጠት ያስፈልግ ነበር እያሉ ባልደረቦቼ ያሙኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። በዚያ ዘመን በየስብሰባው ሁሉም ሲወደስና ሲጨበጨብለት ስለሚውል፣ ሙገሳ የሚባል ነገር አንገፍግፎኝ ነበር። ይሁንና በዚያው ፋብሪካ፣ በአንድ ማሽን ፊት፣ ሁለት ሰዎችን አድንቄ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። አንደኛው የኮምፕሬሰር ቤቱ መካኒክ ናቸው። ሁለተኛዋ እሳቸውን ልትመረምር ከከተማ የመጣችው ሴት ናት።

መካኒኩን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። የወሎ ሰው ናቸው። ፋብሪካ ከመግባታቸው በፊት ከወንድሞቻቸው ጋር የደሴን መንገድ በካሚዮን ሲመላለሱበት የኖሩ፣ ኩሩ፣ ቁጡ፣ ደስ ሲላቸው ደግሞ ሆድ እስኪያም የሚያስቁ ሰው ነበሩ። ትሑት ነበሩ ብዬ አልዋሽም። «ይቺን ማሽን ከእኔ የበለጠ የሚያውቃት ካለ ይምጣና ላሰናብተው» ይሉ ነበር፣ ወገባቸውን ይዘው።

ኮምፕሬሰር አየር እየጨመቀ ትልቅ በርሜል ውስጥ የሚያጠራቅም ማሽን ነው። ያ አየር ከሌለ ከፋብሪካው ግማሹ ይቆማል። የእኛው በቺንጋ ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር ተያይዞ ነበር የሚሠራው። በርሜሉ ሲሞላ ሞተሩ ይጠፋል፤ አየሩ ሲጎድል ደግሞ ሞተሩ ያን ሁሉ ሸክም እንደተሸከመ ከቆመበት ይነሣል። በዚያ ላይ የአቃቂ መብራት የታወቀ ነው። ኃይሉ በወረደ ቁጥር ሞተሩ እያቃሰተ ይነሣ ይነሣና አንድ ቀን ጭስ ይተፋል። ተቃጠለ፣ ሽቦው እንደ አዲስ ተጠቀለለ፣ እንደገና ተቃጠለ። መለዋወጫ ስንጠይቅ መልሱ ያው ነው፤ የውጭ ምንዛሪ የለም፣ ትግል ላይ ነን። ትግል ላይ መሆናችንንማ እኛ እናውቃለን፤ ሞተሩ ነው የማያውቀው!

ጋሼ ተነሡና ከወደቀ የጣልያን ካሚዮን ላይ የፍሬን ሸራና ታምቡር ፈትተው አመጡ። በሞተሩና በኮምፕሬሰሩ መሃል ገጠሙት። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ባዶውን ይነሣል፤ ፍጥነት ሲያገኝ ሸራዎቹ ወደ ውጭ ተበትነው ታምቡሩን ይይዙና ኮምፕሬሰሩን ያዞሩታል። በርሜሉ ሲሞላ፣ ከራሱ ከበርሜሉ በቀጭን የመዳብ ቱቦ የሚመጣ አየር ሸራዎቹን ወደ ውስጥ ይሰበስባቸዋል። ኮምፕሬሰሩ ያርፋል፣ ሞተሩ ግን ሳይጠፋ ባዶውን ይዞራል። አየር ሲጎድል ሸራዎቹ መልሰው ይይዛሉ። ሞተር መቃጠል የሚባል ነገር በዚያው ቀረ።

ይህን ሁሉ ያደረጉት ግን ማንንም ሳያስፈቅዱ ነው። ነገሩ የበላይ መሥሪያ ቤታችን ጆሮ ሲደርስ ትእዛዝ መጣ። ያልተፈቀደው ነገር ከማሽኑ ላይ ይነሣ፤ የሠራተኛ ፈጠራ ነው የምትሉ ከሆነ ግን አስመርምሩት ይላል። አዲስ መሆኑን መርማሪ ካረጋገጠ ባለበት ይቆያል፣ በጋሼም ስም ይመዘገባል። ካላረጋገጠ ተፈትቶ ከብረት ቁርጥራጭ ጋር ይጣላል። ጋሼ ሲሰሙ ሳቁ። «ይምጡ! የፍሬን ሸራ ኮምፕሬሰር ሲያዞር አይተው የሚያውቁ ከሆነ ይምጡ!» አሉ። እኔ ንድፉን እንድስል ታዘዝኩ።

ጣጣው የጀመረው ማመልከቻውን ስንሞላ ነው።

«የፈጣሪው ስም» ብዬ አነበብኩላቸው።

«የማን?»

«የእርስዎ ነዋ ጋሼ።»

«አዑዙ ቢላህ! እኔ ምን ቆርጦኝ ነው ፈጣሪ የምባለው? ፈጣሪ አንድ ነው። ይሄማ ከእሱ ጋር መሻረክ ነው፣ ሽርክ ነው!»

«ኧረ ጋሼ፣ የመሥሪያ ቤት ቃል እኮ ነው። ከአላህ ጋር አያጣላዎትም።»

«ማጣላት አለማጣላቱን አንቺ ነሽ የምታውቂው? ገጣጠመው ብለሽ ጻፊ። መካኒክ ይገጣጥማል።»

«ገጣጠመው ካልንማ አለቀልን! የተገጣጠመ ነገር ማን ይመዘግባል?»

«አብሽሪ» አሉኝ። ጉድ እኮ ነው! የገዛ ሥራቸውን ገደል አፋፍ ላይ አቁመው እኔን አብሽሪ፣ አይዞሽ ይሉኛል። ብለምን ባስለምን እምቢ አሉ። ቦታውን ባዶ ትተን ላክነው።

መርማሪ ሲባል እኔ የጠበቅኩት ከረባት ያሰረ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ሰውዬ ነበር። ከመኪናው የወረደችው ግን ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ የማይርቅ፣ ጠይም ቀጠን ያለች ሴት ናት። የቴክኒክ ኃላፊያችን እየተቅለሰለሰ ወደ ቢሮው ሻይ ሲጋብዛት፣ «ቱታ ይኖራችኋል?» አለችው። ለእሷ የሚሆን ቱታ ከየት ይምጣ? የተሰጣት ሁለት እሷን ይይዛል። እጅጌውን ጠቀለለች፣ ወገቧን በሲባጎ ሸብ አደረገችና በቀጥታ ወደ ኮምፕሬሰር ቤት ገባች። እዚያው ላይ ልቤ ትንሽ ደንገጥ አለ፣ ግን ለማድነቅ አልቸኮልኩም።

ማሽኑን ዞር ዞር ብላ አየችና ጋሼን ጠየቀቻቸው። «ይህን የፈጠሩት እርስዎ ነዎት?»

«አልፈጠርኩም» አሉ ጋሼ፣ ፈርጠም ብለው።

ኃላፊያችን ፊቱ አመድ መሰለ፤ ዘሎ ገባና፣ «ጓዲት፣ ጋሼ ለማለት የፈለጉት የሰፊው ሠራተኛ የጋራ ፈጠራ ነው...» ማለት ሲጀምር፣ ጋሼ ዞር ብለው አዩት።

«ሰፊው ሠራተኛም አልፈጠረም» አሉ።

በቃ፣ አለቀ ደቀቀ ብዬ ንድፌን መጠቅለል ጀመርኩ። ሌላ መርማሪ ቢሆን «አመልካቹ አልፈጠርኩም ብሏል» ብሎ ጽፎ መኪናው ውስጥ በገባ ነበር። እሷ ግን አልሳቀች፣ አልተቆጣች። ሰውየው ምን እንደፈሩ ገብቷታል። ጥቂት አሰበችና፣ «እሺ» አለች፣ «ፈጠሩ አልፈጠሩ የሚለውን እንተወው። እኔን የላከኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ይህ ነገር ከእርስዎ በፊት ነበረ ወይስ አልነበረም?»

ጋሼ ጥያቄው ጣማቸው። «ይጠይቁኝ!» አሉ።

«የፍሬን ሸራው?»

«እሱማ ነበረ። የካሚዮን ነው።»

«ሲሽከረከር ተበትኖ ታምቡሩን መያዙስ?»

«እሱ የእኔ ነው» አሉ ጋሼ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

«ነበረ» አለች። «እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በውጭ አገር ይሠራበታል። በእጄም ፈትቼ አይቼዋለሁ።»

«እኔ ከማንም አላየሁም!»

«አምናለሁ። ራስዎ ነዎት የደረሱበት። ግን ነበረ።»

ሸራዎቹን በአየር መሰብሰቡንም ጠየቀች፤ እሱም ነበረ። የሚመልሰው ሞላም ነበረ። እያንዳንዱን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ክፋት የለም፣ ማባበልም የለም። ጋሼ ቀስ ብለው የዘይት ጣሳ ላይ ተቀመጡ። እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። እኔማ በንዴት ጨስኩ! ይቺ ምን የተባለች ልበ ደንዳና ናት፣ ሰው እንዲህ ቀስ በቀስ ይታረዳል ወይ ብዬ ምላሴን ነክሼ ያዝኩ። ኃላፊያችን ሰዓቱን አየ።

እሷ ግን አልሄደችም። ማሽኑን አስነሥታ ጆሮዋን ወደ ታምቡሩ አስጠጋች። በርሜሉን ሞልታ ታየዋለች፣ አየሩን ትለቅና መልሶ ሲይዝ ታዳምጣለች፣ እንደገና ትሞላዋለች። ግንባሯ በጥቁር ዘይት ተቀባ። በመጨረሻ፣ «የሆነ ነገር አልገባኝም» አለች። ከአንድ መርማሪ አፍ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «በእኔ ስሌት ሸራው ታምቡሩን ሲይዝ መንገጫገጭ ነበረበት። ቺንጋውን መበጠስም ነበረበት። ይሄ ግን እንደ ለማዳ ፈረስ ነው የሚነሣው። ለምንድን ነው?»

ጋሼ መሬት መሬት አዩ።

«ንድፉ ላይ የሌለ ነገር አለ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ወደ ጋሼ ዞርኩ። እንዳልስለው ያዘዙኝ ነገር ነበረና።

«እሱ ምንም አይደል» አሉ ጋሼ። «ውታፍ ነው።»

«የት ያለ ውታፍ?»

ቱቦውን በጣቷ እየነካካች ሄዳ ሄዳ በመዳቡ ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ደረሰች። ማጥበቂያ ዳዶውን ፈታች። ከውስጡ በዘይት የራሰ፣ የተገመደ የጥጥ ክር ጎትታ አወጣች። ያን ጊዜ ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ውታፍ ነቃይ መጣችብን» አሉኝ። ውታፍ ነቃይ በዚያ ዘመን የባለሥልጣን አሽከር መሰደቢያ ነው፤ ሴትዮዋ ደግሞ የእውነት ውታፍ ነቅላ በእጇ ይዛለች። ሳቄን ለመዋጥ ስታገል ልታነቅ ነበር።

ጋሼ አፍረው ነው የደበቁት። መካኒክ ቱቦ በክር ወተፈ ቢባል በየጋራዡ መሳቂያ ይሆናላ! ያ በካሚዮን ሸራ የኮራ ሰው በክሩ አንገቱን ደፋ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ?

«ለምን ክር?» አለቻቸው።

«ሸራዎቹን የሰበሰበው አየር ሲመለስ በዚህ ነው የሚያልፈው። ቀዳዳውን ባሰፋው ሸራው ዘሎ ይይዛል። ባጠበው የዘይትና የጥጥ ብናኝ ይደፍነዋል። ክሩ ግን አየሩን እያጣራ ቀስ አድርጎ ያሳልፈዋል። ጠበቅ አድርጌ ሳከርረው ይዘገያል፣ ላላ ሳደርገው ይፈጥናል። ሲቆሽሽ ከፈታዮቹ ክፍል መሬት ሌላ አንሥቼ እገምዳለሁ።»

«ያሳዩኝ» አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ አሁንም ደስ ይለኛል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ክር ማክረር ጀመሩ። ላላ አድርጋ ስትወትፈው ማሽኑ ይዘላል፣ ስታከርረው ይረጋል። ታበላሻለች፣ ጋሼ ይቆጧታል፣ «እንደሱ አይደለም ልጄ!» ይላሉ፤ ቅድም ያረደቻቸውን ረስተዋል። እሷም መርማሪነቷን ረስታ እንደ ተማሪ ታዳምጣለች። ይህን የመሰለ የሁለት አዋቂዎች ጨዋታ ከዚያ ወዲያ አላየሁም።

ሲመሽ ቱታዋን አውልቃ እጇን ታጠበች። እንግዲህ ትፈርማለች ብለን አፍ አፏን ስናይ፣ «ይህን አይቼ አላውቅም። እኔ አላየሁትም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ፈልጌ እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። ኃላፊያችን ተናደደ። እኔም ተናድጄ ነበር፣ ግን ማታ ወደ ሳሪስ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ሳስበው አከበርኳት። ደስ ለማሰኘት ብላ የማታውቀውን አውቃለሁ የማትል ሰው በዚያ ዘመን እንደ ሰማይ የራቀች ነበረች።

ሳምንታት አለፉ። ኃላፊያችን ትእዛዙን ፈርቶ፣ ማፍረሻ መፍቻዎቹ ሁሉ ኮምፕሬሰር ቤት በር ላይ እንዲቀመጡ አደረገ። ጋሼ በየጠዋቱ መፍቻዎቹን ተሻግረው ይገባሉ። ቀልዳቸው ጠፋ። «አብሽሩ» ብላቸው እንኳ አይመልሱልኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት ሳይነገረን መጣች። ጋሼ ማሽኑ አጠገብ ቆመዋል፣ እኔና ኃላፊው ተከትለናት ገባን። ሰላምታ ሰጥታ ወዲያው ጀመረች።

«ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አገላብጫለሁ። እኔ ለማላውቃቸው ቋንቋዎች የሚያውቅ ሰው ለምኜ አስነብቤአለሁ። ሸራው አይመዘገብም፣ ታምቡሩም አይመዘገብም፣ ነበሩ። ውታፉን ግን የትም አላገኘሁትም። በተገመደ ክር አየሩን እያዘገየ ኮምፕሬሰር የሚያስነሣ የለም። የሚመዘገበው እሱ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ሸራና ታምቡሩ...» አለ ኃላፊያችን።

«ውታፉ ያለ እነሱ አይሠራም። ስለዚህ እነሱም ከማሽኑ ላይ አይነሡም። የቀረው ስም ነው።» ወደ ጋሼ ዞረች። «ጋሼ፣ ይህ ነገር ድሮ አልነበረም። ዛሬ አለ። በመሃሉ ማን ነበረ?»

«አላህ ነበረ» አሉ ጋሼ፣ ሳያመነቱ።

ኃላፊያችን ግንባሩን ያዘ። እኔ እጇን ይዤ በእግዜር ይሁንብሽ ልላት ምንም አልቀረኝ። እሷ ግን ረጋ ብላ፣ «እሱማ ሁልጊዜም አለ» አለች። «ከእሱ ሌላ?»

ጋሼ ማሽኑን አዩት፣ መዳቡን ቱቦ አዩት፣ ከዚያ ዘይት የጠጡ መዳፎቻቸውን አገላብጠው አዩ። ያ ድሮ ወገባቸውን ይዘው የሚፎክሩበት ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ በጭንቅ ነው የሰማናቸው።

«ከእሱ ሌላማ» አሉ፣ «እኔ ብቻ ነበርኩ።»