ለበሬ ጉድጓድ የማሰችው ሱሀይላ

ከመካነ ሰላም ገበያ ወጥታችሁ ወደ ጨፌ ምንጭ የሚወስደውን መንገድ ብትጠይቁ፣ የተጠየቀው ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ስቆ ሲያበቃ፣ «በሬ ወዳስቀበረችው ሴትዮ ሰፈር?» ይላችኋል። ሱሀይላ ይህን ስትሰማ አትቆጣም። እንዲያውም ደስ ይላታል። ሰው የሳቀበትን ነገር ቶሎ አይረሳም፤ ያ ነገር ደግሞ እንዲረሳ ከቶ አትፈልግም።

ሱሀይላ ጅዳ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ፣ በ2006 ሐበሻው ተለቅሞ ሲመለስ አብራ የተመለሰች ናት። ባሏ አሕመድኑር ወረቀት ስለነበረው እዚያው ቀርቶ መኪና ይነዳል። ልጇን ፈርሂያን ገና ጡት እንደጣለች ነበር ለአማቷ ትታት የሄደችው። ስትመለስ ልጅቱ ጥርሷን ነቅላ፣ ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታ ጠበቀቻት። እናቷንም «እትዬ» እያለች ትጠራት ጀመር። ሱሀይላ አላረመቻትም፤ ጠበቀች። አንድ ቀን ልጅቱን ደጅ ላይ እሾህ ወጋትና፣ ሳታስበው «እማዬ» ብላ አለቀሰች። ሱሀይላ እሾሁን ነቅላ ስታበቃ ልትጥለው እንኳ ሳሳች።

መተዳደሪያዋ ዶሮ ሆነ። ከግብርና ጽሕፈት ቤት የወሰደቻቸው ጫጩቶች አደጉላት፣ እንቁላልም ጣሉላት። በበጋው መጨረሻ ግን ፈንግል ገባ። ፈንግል የገባበት ቤት፣ ጠዋት እህል ስትለቅም የነበረች ዶሮ ማታ አንገቷን ጠምዝዛ ታንቀላፋለች። ሱሀይላም ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች። ሱቅ ውስጥ ከባትሪ ድንጋይና ከሻማ ጎን የሚሸጠውን ቀይና ቢጫ ክኒን፣ ቴትራሳይክሊኑን፣ እየፈለቀቀች ዱቄቱን በዶሮዎቹ ውሃ በጠበጠችው። ያ ክኒን በጨፌ ምንጭ የማይገባበት ጉዳይ አልነበረም። ሆዱን የቆረጠው ይውጠዋል፤ እግሩን መጥረቢያ የመታው ቁስሉ ላይ ይነሰንሰዋል፤ የከሳች ላም ከአሞሌ ጋር ትልሰዋለች። ዶሮዎቹ ግን አልዳኑም። የሞቱትን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋ ወሰደችና አሞራ ገደል ላይ ደፋቻቸው።

አሞራ ገደል ከምንጩ በላይ ያለው ቋጥኝ ነው። የጨፌ ምንጭ ሰው በክት አይቀብርም። የሞተ በሬም ሆነ አህያ ወደዚያ ይጎተታል፤ የአሞራን ድርሻ አፈር ውስጥ መደበቅ እንደ ስስት ይቆጠራል። ቀብር የሰው ክብር ነው። ለሰው ደግሞ ቅሬው አለ፤ ሌላው አገር እድር የሚለው። የቅሬው ዶማና አካፋ ለሰው መቃብር እንጂ ለሌላ ሥራ አይነሳም። አሞራውና ቁራው ገደሉ ላይ ጠግቦ ሲያበቃ ቁልቁል ይወርድና ምንጩ ላይ አፉን ያጥባል፣ ክንፉን ያርሳል፣ ድንጋዩን በኩስ ነጭ ቀብቶት ይሄዳል። ሴቶቹም ኩሱን በእጃቸው ገፋ አድርገው ይቀዳሉ።

ሰኔ ሲገባ ፈርሂያ ታመመች። ተቅማጡ ከትኩሳት ጋር መጣ፣ በማግስቱም ደም ቀላቀለ። መካነ ሰላም አንድ መድኃኒት ሰጧት፤ አልሆነም። ቀየሩላት፤ አሁንም አልሆነም። ሱሀይላ ልጇን በጀርባዋ አዝላ አውቶቡስ ላይ ወጣች። ደሴ እስክትደርስ ድረስ ልጅቱ መተንፈሷን በጀርባዋ እየሰማች፣ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ስትል ነበር፤ ለልጅቱ ይሁን ለራሷ አታውቀውም።

ደሴ የተቀበለቻቸው ሐኪም ዶክተር ብርሀንነሽ የልጅቱን ሰገራ ላቦራቶሪ አስላከች። ውጤቱ ሲመጣ ሱሀይላን ወንበር ስባ አስቀመጠቻት።

«ባክቴሪያው ብዙዎቹን መድኃኒቶች ተላምዷቸዋል» አለቻት።

«መድኃኒትም ይለመዳል እንዴ ዶክተር?»

«ስንዴሽ ውስጥ አረም ስትነቅዪ፣ ሥሩ የጠናው አልነቀል ብሎ ይቀር የለ? ለከርሞ ዘሩን የሚረጨው ማን ነው?»

«የቀረው ነዋ።»

«ይኸውልሽ። በነጋ በጠባ ክኒን በተነሰነሰ ቁጥር ደካማው ይሞታል፣ ጠንካራው ይራባል።»

በመጨረሻ አንድ መርፌ ሠራላትና ፈርሂያ እህል ቀመሰች። ሲወጡ ግን ሐኪሟ ሱሀይላን በሩ ላይ ያዝ አድርጋ፣ «አሁን በተረፈን መድኃኒት አድነናታል። ደግሞ ከያዛት ምን እንደምሰጣት አላውቅም። የምትጠጡትን ውሃ እዩት» አለቻት።

ይህች ቃል ከደሴ እስከ መካነ ሰላም በሱሀይላ ጆሮ ውስጥ ተሳፍራ መጣች።

ቤቷ እንደገባች ውሃ ማፍላት ጀመረች። ልጅ ግን ልጅ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ፈርሂያን ከእኩዮቿ ጋር ምንጩ ላይ በሆዷ ተኝታ ስትጋት አገኘቻት። ጆሮዋን ይዛ አስነሳቻት።

«የፈላው ጭስ ጭስ ይላላ» አለች ልጅቱ።

ሱሀይላ ያን ዕለት ገባት። የልጅን አፍ ማሰር አይቻልም፤ መታሰር ያለበት ውሃው ነው። ጫማዋን አጥልቃ ቀጥ ብላ ወደ ወረዳው የእንስሳት ሐኪም ወደ ቃለ ክርስቶስ ሄደች። ቃለ ክርስቶስ የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ነገር ሲያስረዳ እንደ ቅኔ ዘረፋ ዓይኑን ይጨፍናል። ምንጩ ድረስ ይዛው መጣች። እሱም ድንጋዩ ላይ ያለውን ኩስ በትናንሽ ብልቃጥ ፋቅ ፋቅ አድርጎ፣ በበረዶ ሣጥን አሽጎ ለምርመራ ላከው። ውጤቱ እስኪመጣ ሱሀይላ ገበያ በወጣች ቁጥር ቢሮው ብቅ ማለቷን አልተወችም። ዘበኛው «እህት፣ ሥራ ተቀጥረሽ ነው?» ሊላት ምንም አልቀረው።

ውጤቱ መጣ። ቃለ ክርስቶስ ዓይኑን ጨፈነ።

«የልጅሽን መድኃኒት እንቢ ያለው ዓይነት ባክቴሪያ ኩሱም ውስጥ አለ።»

«በል፣ ልጄን ያሳመመው አሞራ ነዋ።»

«ልጆቹም ለአሞራው ሰጥተውት ይሆናል። ማን ለማን እንዳቀበለ ማለት አልችልም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ አሞራ ሱቅ ገብቶ ክኒን ገዝቶ አያውቅም። እኛ ያበላነውን ነው የሚሸከም።»

ሱሀይላ ዶሮዎቿ ትዝ አሏት። ጠየቀችው። ፈንግልን ክኒን እንደማይነካው፣ የሚከላከለው ክትባት ብቻ እንደሆነ ነገራት። ሱሀይላ ገደል ላይ የደፋችውን ከረጢት አሰበች። ከዚያ ነጠላዋን አጠበቀችና፣ «እና ምን ይደረግ?» አለች።

«መድኃኒት የቀመሰ በክት ይቀበር። ምንጩም ይሸፈን።»

ቀላል ነበር የመሰላት። ከቅሬው ሰብሳቢ ከሸህ ሙሐሲን ደጅ ሄዳ ነገሩን ሁሉ ዘርዝራ ነገረቻቸውና፣ ሰው እንዲያዙላት፣ ዶማና አካፋውንም እንዲፈቅዱላት ለመነቻቸው።

«ልጄ፣» አሉ ሸህ ሙሐሲን በእርጋታ፣ «ይህ ዶማ የአባቶችሽን መቃብር የቆፈረ ነው። በክት ላይ አላሳርፈውም።»

«ሸህዬ፣ የልጆቻችንን መቃብር እንዳይቆፍር ብዬ ነው።»

«አላህ ይጠብቃቸዋል። ዱዓ እናደርጋለን።»

«ዱዓውን አድርጉልኝ፤ ቁፋሮውን አልተወውም» ብላ እጃቸውን ስማ ወጣች።

በቀበሌው ስብሰባ አነሳችው፤ ሳቁባት። በአንድ ለአምስቷ አነሳችው፤ አጀንዳ አይደለም አሏት። አሕመድኑር በስልክ፣ «ለአሞራ ብለሽ ከአገር ልትጣዪ ነው?» አላት። «ከአገር መታረቅ ይቻላል» ብላ ስለ ፈርሂያ ትምህርት ጠየቀችው። ጎረምሳው ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም አህመዲን ደግሞ ከነገሩ ሁሉ «አሞራ» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ኖሮ፣ የአይጥ መርዝ ገዝቶ ቀን ይጠብቃል።

ቀኑ በመስከረም መጣ። የአያ አስፋው በሬ ሞተ። አያ አስፋው ባለ አንድ ጥማድ ሽማግሌ ናቸው፤ በሬያቸውን ሳምባው ይዞት ቃለ ክርስቶስ ስንት መርፌ ወግቶት ነበር። ጎረቤት ተጠርቶ ጠፍር ታስሮለት ወደ አሞራ ገደል ሊጎተት ሲል፣ አህመዲን መርዙን ይዞ ደረሰ።

«ጥንቡ ላይ እነሰንስበታለሁ። አሞራ የሚባል ዘር አላስቀርም» አለ።

«አንተ ልጅ፣» አለች ሱሀይላ፣ «የተመረዘው አሞራ የት የሚወድቅ ይመስልሃል? ሰማይ ላይ? ምንጩ ውስጥ ነው። ውሻህም ይበላዋል። አሞራው ካለቀ ደግሞ ለከርሞ ጥንባችንን ማን ያነሳልናል፣ አንተ?»

ሰዉ ሳቀ። አህመዲን መርዙን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ወደ አያ አስፋው ዞረች።

«አያ፣ በሬዎ መድኃኒት ተወግቶ ነው የሞተ። እዚያ ገደል ላይ አይጣልብኝ። ልጄን ደግሞ ከያዛት መድኃኒት የለም ብለውኛል።»

«እና ቅበረው ነው የምትዪኝ?»

«አዎ፣ ይቀበር።»

«ጉድ እኮ ነው፤» አለ አንዱ ከኋላ፣ «ይሰገድበት ወይስ ፍትሐት ይደረግለት?»

«የአያ አስፋው በሬ ክርስቲያን ነው፤ ቄስ ጥሩ እንጂ» አለ ሌላው።

«ሰልስቱን የት እንዋል?»

አያ አስፋው ራሳቸው ፈገግ አሉ፤ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሬ ቀብሬ አገር ይሳቅብኝ?»

ሱሀይላ ከመካከላቸው ወጣች። ቤቷ ሄደችና የድንች መኮትኮቻዋን ይዛ መጣች። ቃለ ክርስቶስ ያሳያት ከምንጩ በታች ያለ ደረቅ ሜዳ ነበር፤ እዚያ ቆመች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ መሬቱን መማስ ጀመረች።

እዚህ ላይ ነው ወንዶቹን ነገሩ የተበላሸባቸው። በዚያ አገር ሴት መቃብር አትቆፍርም፤ ከመቃብሩ አፍ እንኳ አትደርስም። ወንድ ቆሞ ሴት ስትቆፍር ከታየ፣ ያ ወንድ ገበያ መውጣቱን ቢተወው ይሻለዋል። ሱሀይላ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። አውቃም ነው ከመንገዱ ዳር የጀመረችው፤ ቀኑም ገበያ ነበር። ከወደ ላይ አህያ የሚነዱ ሴቶች ቆመው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ማን ሞቶ ነው?» ብላ አንዷ ጠየቀች።

«የአያ አስፋው በሬ» አለች ሱሀይላ ቀና ሳትል።

«ወንድ የለም እንዴ እዚህ አገር?»

«አለ። ያውና ቆሟል።»

ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አያ አስፋው ጋቢያቸውን ጣሉ። «አምጪ ወዲህ» ብለው መኮትኮቻዋን ተቀበሏት፤ ሁለት ጊዜ እንደሰነዘሩ እጀታው ተሰበረ። ሸህ ሙሐሲን ከገበያ ሲመለሱ በቅሏቸውን ያቆሙት በዚህ ጊዜ ነው። ጉድጓዱን አዩ፣ ላብ ያጠመቃትን ሴት አዩ፣ በእጃቸው አፈር የሚዝቁትን ሽማግሌ አዩ።

«እናንተ ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?» አሉ ጎረምሶቹን።

«ዶማ የለንም፣ ሸህዬ።»

ሸህ ሙሐሲን ከበቅሏቸው ወረዱ። «ሄዳችሁ አምጡ» አሉ።

«የቅሬውን?»

«የቅሬውን። ታጥቦ ይመለሳል።»

ጉድጓዱ ለማታ አለቀ። በሬው በጠፍር ወረደ፣ ኖራ ተነሰነሰበት፣ አፈር ተመለሰበት። አሞራዎቹ ቋጥኙ ላይ ተደርድረው ሲያዩ ቆዩና አንድ በአንድ ተነስተው ወደ ቆላው ወረዱ። ሸህ ሙሐሲን እጃቸውን እየታጠቡ ነገሩን ቋጩት። መድኃኒት የተወጋ ወይም የዋጠ በክት ይቀበራል። ያልቀመሰው ከጋራው ማዶ፣ ውሃ ከሌለበት ገደል ይጣላል፤ አሞራም ድርሻውን አያጣም። እንቢ ያለ የቅሬ ቅጣት አለበት።

«ሳቁ ቀርቶ ቅጣት መጣ» አለ አህመዲን። በማግስቱም የገዛውን መርዝ ቃለ ክርስቶስ እንዲያስወግደው ወስዶ አስረከበው።

ምንጩን ያነሱት አያ አስፋው ናቸው። «በሬዬን ቀብሬ ውሃውን ክፍት ልተወው? ቢሳቅብኝ ለሙሉው ይሳቅብኝ» ብለው ድንጋይ ማስጠረብ ጀመሩ። ሲሚንቶው ከመካነ ሰላም በአህያ መጣ። የምንጩ ዓይን ተገነባ፣ ተከደነ፣ በቧንቧ ብቻ እንዲወርድ ሆነ፤ ውስጡም በክሎሪን ታጠበ። ቁራ መጥቶ ክዳኑ ላይ ይቆማል፣ ግራ ቀኝ ያያል፣ ከታች ለከብት ወደ ተለቀቀው ገንዳ ይሄዳል። ቃለ ክርስቶስም ብልቃጡን ይዞ እየመጣ የቧንቧውን ውሃ ያስመረምራል። ጥሩ ነው ብሎ ሲነግራት ሱሀይላ ዓይኑን እስኪከፍት ጠብቃ፣ «እያየኸኝ ድገመው» አለችው። ደገመላት።

አንድ ከሰዓት በኋላ እንስራዋን ይዛ ስትወርድ ፈርሂያ ከእኩዮቿ ጋር ቧንቧው ላይ ተጋፍታ አፏን ደቅና ስትጠጣ አገኘቻት። ልትጮህባት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። ልጅቱ ጠጥታ ጠጥታ ቀና ስትል እናቷን አየችና ጆሮዋን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ቀሚስሽን አበሰበስሽው» አለች ሱሀይላ፤ «ነይ፣ ተራሽን ለሌላው ልቀቂና እንስራውን አሸክሚኝ።»