እስከ "ተ" የደረሰው ዲስኬት

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ሳን ሆዜ ውስጥ ከአንድ ቬትናማዊ ሽማግሌ ጋር በአንዲት ጠባብ ቢሮ ፕላን እንሠራ ነበር። ሥራችን በአብዛኛው የቬትናሞች ምግብ ቤትና ሱቅ ስለሆነ፣ ለግንበኞቹ እንዲገባቸው በሩም፣ ቧንቧውም፣ ምድጃውም በቋንቋቸው ይጻፋል። ጣጣው ፊደሉ ነበር። ካድ የሚባለው የኮምፒውተር መሣያ ፊደላቸውን አያውቀውም። ሽማግሌው እያንዳንዱን ፊደል ከነጭረቱ ከነነጥቡ፣ መሥመር በመሥመር ሠርተው ኮምፒውተራቸው ላይ አስቀምጠውታል። ያንኑ ፕላን በእኔ ኮምፒውተር ስከፍተው የጥያቄ ምልክት ብቻ ይደረደራል። ስለዚህ ቬትናምኛ ያለበት ሥራ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል፤ እጃቸው ደግሞ እየዘገየ መጥቷል።

አንድ ቀን አለቃችን ጠራኝና "ፊደሉን ተማርና ኮፒ አድርገህ አምጣልኝ፤ እኔ እንዳዘዝኩህ ግን አትንገራቸው" አለኝ። ሕፃን አይደለሁም፣ ገብቶኛል። ሥራው ቀዝቅዞ ከሁለታችን አንዳችን መሄዳችን አይቀርም ነበር። በዲቪ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። እሺ አልኩ። አይ እኔ!

ሄጄ አፌን ሞልቼ ዋሸኋቸው። "የአገሬን ፊደል ካድ ላይ መሥራት አምሮኛል፤ ያሳዩኝ" አልኳቸው። ደስታቸውን ብታዩ! "ስንት ነው ፊደላችሁ?" አሉ። ከሁለት መቶ በላይ ነው ስላቸው በሳቅ ፍርስ አሉ።

"እኔ ጭረት ገደለኝ ስል፣ አንተስ ብሰሃል!"

በአሮጌ ፕላን ጀርባ ከሀ እስከ ፐ ጽፌ ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲያ በየምሳ ሰዓቱ ምሳ ዕቃቸውን ገፋ አድርገው ያስተምሩኛል። በሦስተኛው ሳምንት "የእርስዎን ፊደል ለልምምድ ልውሰደው?" ብላቸው "ውሰድ እንጂ፣ ምን ትጠይቀኛለህ" አሉኝ። ገልብጬ ለአለቃችን ሰጠሁት፤ በእኔም ኮምፒውተር ላይ ተጫነ።

በሳምንቱ ዓርብ ሽማግሌው ሌይኦፍ ተደረጉ፣ ከሥራ ተሰናበቱ። ሥራ ቀዝቅዟል ተባሉ፤ አመኑ። ኩባያቸውንና ማስመሪያቸውን ካርቶን ውስጥ ሲከቱ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሥራ የያዝኩ መስዬ አንዷን መሥመር እስላለሁ፣ መልሼ አጠፋታለሁ። መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና ዲስኬት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

"እስከዚህች ደርሻለሁ" አሉኝ፤ በጣታቸው አየር ላይ "ተ"ን ሠሩልኝ። "የቀረውን አንተ ትጨርሰዋለህ።"

ቅዳሜና እሁድን ኦክላንድ ቤቴ ተኝቼ አሳለፍኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ምን ብዬ ልናገር? ሰኞ ጠዋት ዲስኬቱን ከፈትኩት። የእጅ ጽሑፌን አይተው ነው የሠሩት፤ "ለ" እንኳ እንደ እኔዋ ወደ ግራ ዘመም ብላለች። የአገሬን ፊደል የጻፍኩላቸው ለውሸቴ ማድመቂያ ነበር፤ እሳቸው እውነት ብለው ሲለፉበት ከርመዋል። አፈርኩ። ከዚያች ቀን ወዲህ አንዲት ፊደል አልጨመርኩበትም።

ደንበኛ ይጠብቅ ስለነበር ዲስኬቱን አውጥቼ ሽማግሌው በቬትናምኛ የጻፉበትን የአንድ ምግብ ቤት ፕላን ከፈትኩ። አንድም የጥያቄ ምልክት አልነበረበትም።